መታወቂያዋ በማን እጅ ነው?

ሆቴል ውስጥ እንግዳ ለምትቀበሉና ክፍል ለምታጸዱ፣ መኪና ለምትነዱ፣ ትኬት ለምትቆርጡ፣ በክሊኒክና በሆስፒታል ለምትሠሩ፣ ባንክ መስኮት ላይ ለተቀመጣችሁ፣ ልጆች ለምታስተምሩ፣ ለአለቆቻችሁም፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ለብዙ ዓመታት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። የምጽፍላችሁ ከእናንተው እንደ አንዷ ሆኜ ነው። ስለ አንዲት ልጅና በሰው ስለ መነገድ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ስሟን አላውቀውም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ስም የእሷ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል አንድ ሰውዬ ገባ። ደህና የለበሰ፣ ትሁት፣ ሳቂታ። ልጅቷ ከኋላው ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች። ውጭ ብርድ ነው፤ እሷ ግን ስስ ቀሚስና ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። ሻንጣ የላትም። አንድ ፌስታል ይዛለች። ሰውዬው ሁለት መታወቂያ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ስሟን ጠየቅኳት፤ እሱ መለሰልኝ። ስንት ቀን እንደሚቆዩ ጠየቅኩ። "ሦስት ቀን። ክፍሉን ለማጽዳት አትቸገሩ፣ አያስፈልግም" አለኝ። መዝገቡን ሰጠሁት። የሁለቱንም ስም እሱ ጻፈ። ሁለቱም መስመር ላይ እሱ ፈረመ። መታወቂያዎቹን መለስኩለት፤ ሁለቱንም ኪሱ ከተታቸው። ቁልፉን ሰጠሁት።

በማግስቱ ክፍል የምታጸዳው ባልደረባዬ መጣችና "እዛ ክፍል ያለው ነገር አላማረኝም" አለችኝ። ፎጣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጠየቃል። በሩ ትንሽ ገርበብ ይላል፣ ፎጣው ይወሰዳል፣ ይዘጋል። እኔም ያየሁት ነገር ነበር። የማላውቃቸው ወንዶች ይመጡና ወደ እኔ ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ ደረጃው ይሄዳሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳሉ። ለአለቃዬ ነገርኩት። "እኛ ፖሊስ አይደለንም እኮ። ሰውዬው ከፍሏል። አንቺ ሥራሽን ሥሪ" አለኝ። ሥራዬን ሠራሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰውዬው መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ። ልጅቷ ፊቴ ብቻዋን ቀረች። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እህቴ፣ ይሄ ከተማ ማን ነው የሚባለው?" አለችኝ።

የከተማውን ስም ነገርኳት። ሌላ ምንም አላልኳትም። ሰው ሦስት ቀን ካደረበት ከተማ ስሙን የማያውቀው ምን ሆኖ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሰውዬው ከውጭ ጠራት። ሄደች።

ነገሩ ገብቶኝ ነበር ብል ዋሸሁ። ግን በሰው መነገድ የሚባል ነገር እንዳለ ጠፍቶኝም አይደለም። ፖስተሩን አይቼዋለሁ። ፖስተሩ ላይ ያለችው ሴት እጇ በሰንሰለት ታስሯል፣ አፏ ተለጥፏል፣ ዙሪያዋ ጨለማ ነው። እኔ ፊት የቆመችው ልጅ ሰንሰለት አልነበራትም። በእግሯ ገባች፣ በእግሯ ወጣች። ዓይኔ ሰንሰለት ሲፈልግ ያን ሁሉ ጊዜ ፊቴ የነበረውን መታወቂያ አላየሁትም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ መታወቂያ ነው።

ከዚያ ወዲህ አነበብኩ፤ ጠየቅኩ፤ ሥልጠና ገባሁ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2000 በሰው መነገድን የሚከለክል ፕሮቶኮል (ዓለም አቀፍ ስምምነት) አጸደቀ። ለፊርማ የቀረበው ጣሊያን ውስጥ በፓሌርሞ ከተማ ስለነበር የፓሌርሞ ፕሮቶኮል እየተባለ ይጠራል። ከ2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ወንጀሉን የሚተረጉመው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሌላውን ይመለምላል፣ ያጓጉዛል፣ ያስጠልላል ወይም ይቀበላል። ይህን የሚያደርገው በኃይል፣ በማስፈራራት፣ በማታለል ወይም የሰውየውን ችግር መጠቀሚያ በማድረግ ነው። የሚያደርገውም ሊበዘብዘው ነው። ትርጓሜው ውስጥ ሰንሰለት የለም። ድንበር መሻገርም የለም። ሰው እዚያው በተወለደበት ሰፈር ሊሸጥ ይችላል።

ሁለት ነገር ደግሞ ጨምሯል፤ እነዚህን ያዙልኝ። አንደኛው፣ ተታላ ወይም ተገድዳ ከሆነ "ፈቅዳ ነው የመጣችው" የሚል መከላከያ አይሠራም። ስለ ምን ነበር የፈቀደችው? ስለ ሞግዚትነት፣ ስለ አስተናጋጅነት፣ ስለ ሞዴልነት። ሁለተኛው ልጆችን የሚመለከት ነው። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች መታለሏን ወይም መገደዷን ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ለብዝበዛ መመልመሏ ብቻ በቂ ነው። "እሷም ፈልጋ ነው" የሚለው ወሬ ልጅ ላይ ቦታ የለውም።

ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርና በሰው መነገድም ይምታታሉ። አሻጋሪው ድንበሩን ሲያልፍ ሥራው ያበቃል። የሰው ነጋዴው ሥራ ግን ሰውየው ከደረሰ በኋላም ይቀጥላል። በእርግጥ መንገድ ላይ አንዱ ወደ ሌላው የሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለማሻገር ከፍሎ የተነሳ ሰው መሀል ላይ ተሽጦ ይገኛል።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁትን ጥያቄ ላንሳው። ለምን አልጮኸችም? ለምን አልሮጠችም? በሩ ክፍት ነበር እኮ። እኔም ራሴን ስጠይቀው ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ እዳው አለ። ሥራ ተገኝቶልሻል ስትባል "ትኬቱንም ቪዛውንም እኛ እንሸፍናለን፣ አንቺ ብቻ ነይ" ይሏታል። ስትደርስ ያ ሁሉ እዳ ሆኖ ይጠብቃታል። የምትተኛበት አልጋ ኪራይ ይጨመርበታል። የምትለብሰው ልብስ ይጨመርበታል። ታማ የተኛችበት ቀን ቅጣት አለው። ደንበኛ ቅር ብሎት ከሄደ ቅጣት አለው። ደብተሩን የሚጽፈው እሱ ነው፤ እሷ አታየውም። በሠራች ቁጥር እዳዋ ይጨምራል። ከባርነት ጋር የሚመሳሰሉ ድርጊቶችን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1956 ሲጸድቅ ሰውን በእዳ መያዝን ከእነዚያ ድርጊቶች አንዱ አድርጎ ጽፎታል። ልጅቷ ግን ስምምነቱን ከየት ታውቀዋለች? እሷ ያደገችው የሰው ገንዘብ ይዞ መጥፋት ነውር ነው ተብላ ነው። ጨዋነቷን ነው ገመድ ያደረጉባት።

ከእዳው ቀጥሎ ፓስፖርቱና መታወቂያው አለ። "እንዳይጠፋብሽ እኔ ጋ ይቀመጥ" ተብሎ የተወሰደ። ከዚያ ቤተሰቧ አለ። የእናቷን ስም ያውቃሉ፣ ታናሽ እህቷ የምትማርበትን ትምህርት ቤት ያውቃሉ። ከዚያ ደግሞ ፎቶ አለ። ራቁቷን አንስተዋታል ወይም ራሷ አምናው ልካለታለች። "ብትሄጂ ለአባትሽ እልከዋለሁ።" ይህች ዓረፍተ ነገር ከቁልፍ ትበልጣለች።

ፍቅር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ሁሉም የሰው ነጋዴ አስፈሪ አይደለም። አንዳንዱ እጮኛ ነው። ለወራት ያጫውታታል፣ ይሰማታል፣ ስጦታ ይገዛላታል። ማንም ያላላትን "ቆንጆዬ" ይላታል። ከቤቷ ሰዎች ጋር ያጣላታል፤ "እነሱ አይገባቸውም፣ ያለሁልሽ እኔ ነኝ" ይላታል። አንድ ቀን ችግር ላይ ወደቅኩ ይላታል። ገንዘብ የሚያበድረው ሰው አለ፤ አንዴ ብቻ ከሱ ጋር ብታድሪ እንተርፋለን። አንዴ ብቻ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ይህ አሠራር በጣም ከመታወቁ የተነሳ "ሎቨር ቦይ" (አፍቃሪ ጎረምሳ እንደማለት) የሚል ስም ወጥቶለታል። እንዲህ የተያዘችን ልጅ ፖሊስ ቢደርስላት እንኳ ሰውየውን ልትከላከልለት ትችላለች። "ባሌ ነው፣ ተዉት" ልትል ትችላለች። ዋሽታ አይደለም። ትወደዋለች።

በነገራችን ላይ መልማዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ሰው ነው። የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ሴትዮ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ አንዳንዴም ወላጅ። ሴት ደላሎችም አሉ። አንዳንዶቹ ራሳቸው ተሽጠው የነበሩ፣ "ሌላ ካመጣሽ እዳሽ ይቀንሳል" የተባሉ ናቸው። አሁን አሁን ደግሞ ስልክ ላይ የሚጀመረው በዝቷል። ጨዋታ ላይ ወይም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ "ሃይ" ብሎ የጀመረ ሰው ነው። ከቤት ሳትወጣ፣ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ፣ በካሜራ ፊት የምትበዘበዝ ልጅም አለች። እናቷ ሳሎን ሆና ቴሌቪዥን እያየች ሊሆን ይችላል።

ወንዶች ልጆችንም አትርሱ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከሁለት አጋሮቹ ጋር ሆኖ በ2022 ባወጣው ግምት፣ በ2021 በማንኛውም አንድ ቀን 6.3 ሚሊዮን ሰው በግዳጅ የወሲብ ንግድ ውስጥ ነበር። ከነዚህ 4.9 ሚሊዮኑ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። የቀሩት 1.4 ሚሊዮን ደግሞ ወንዶች ናቸው። ወንድ ልጅ ተደፈርኩ ብሎ ለመናገር ያለበት ግድግዳ ሌላ ነው፤ የሚሰማው ጆሮም ያንሳል። በዚያው ግምት በግዳጅ ሥራ ላይ ያሉት ልጆች 3.3 ሚሊዮን ናቸው። ከግማሽ በላዩ ለወሲብ ንግድ የተያዙ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሥራ ገበታችን እንመለስ። ቁጥሩ ሲሰሙት ያደነዝዛል። በር ላይ የሚመጣው ግን አንድ ሰው ነው።

ሆቴል ውስጥ ከማንም በላይ የምታየው ክፍል የምታጸዳዋ ሴት ናት። አስተያየቷን የሚጠይቃት ግን የለም። ለቀናት እንዳይጸዳ የተባለ ክፍል፣ የፎጣና የአንሶላ ብዛት፣ የቆሻሻ መጣያው ውስጥ ያለው ነገር፣ ከክፍሉ ወጥታ የማታውቅ እንግዳ። እንግዳ መቀበያው ጋ ያላችሁ ደግሞ መታወቂያውን እዩ። ማን ነው ያወጣው? ስትመልሱለት ማን ተቀበላችሁ? ጥያቄ ስትጠይቋት ከመመለሷ በፊት የማንን ፊት ታያለች? ክፍያው በየቀኑ በጥሬ ገንዘብ እየተከፈለ ቆይታው የሚራዘም ከሆነም ልብ በሉ።

ሾፌሮች፣ እናንተ የምታዩትን እኛ አናይም። ያችኑ ልጅ በአንድ ሌሊት ወደ ሦስት የተለያየ ቦታ የምታደርሱበት ጊዜ አለ። የምትሄድበትን አድራሻ እሷ አታውቀውም፤ ስልክ ላይ ያለ ድምፅ ነው የሚነግራችሁ። ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ባንክ ውስጥ አንድ ሰው የተለያዩ ሴቶችን እየተከተለ ሒሳብ ሲያስከፍት ይታያል። የሁሉም ስልክ ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ አድራሻቸውም አንድ ነው። ካርዳቸውን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ይህን መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ካላየች ኮምፒውተሩ ብቻውን ላያየው ይችላል።

መምህራን ምልክቱን በመጀመሪያው ወር ልታዩት ትችላላችሁ። ማን እንደገዛላት የማይታወቅ አዲስ ስልክ። በዕድሜ የሚበልጣት፣ በር ላይ የሚጠብቃት "ጓደኛ"። በየሳምንቱ አንድ ቀን መቅረት፤ ከዚያ ሁለት ቀን። ጨዋታ ትወድ የነበረች ልጅ ዝም ስትል። "ጉርምስና ነው" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜም ጉርምስና ይሆናል። ግን ጠይቋት።

የጤና ባለሙያዎች ላይ ጠበቅ ብዬ ልናገር፤ ሰውዬው ከክፍሉ የሚወጣበት አጋጣሚ ያለው እናንተ ጋ ብቻ ሊሆን ይችላልና። አብሯት የመጣው ሰው ስለ ሕመሟ እሱ ያወራል። ያረጀና አዲስ ቁስል አንድ ላይ ይታያል። ደጋግሞ የሚመለስ የአባላዘር በሽታ አለ። አንገቷ ላይ ወይም ክንዷ ላይ የወንድ ስም የተነቀሰባት ትኖራለች። የምትናገረው ታሪክ የተጠና ይመስላል። እንዲህ ሲሆን "ደንባችን ታካሚን ብቻውን ማየት ነው" በሉና አስወጡት። ቋንቋ ካልተግባባችሁ እሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ሌላ ሰው ፈልጉ፤ በስልክም ቢሆን።

አንድ ምልክት ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም። ይህን ካላልኩ ጉዳት አደርሳለሁ። ከሚበልጣት ሰው ጋር የመጣች ሴት ሁሉ ተሽጣለች ማለት አይደለም። ከልጁ ጋር መልኩ የማይመሳሰል አባት ወንጀለኛ አይደለም። በመልክ፣ በዘር፣ በአለባበስ ብቻ ተጠርጥረው ልጆቻቸው ፊት የተዋረዱ ወላጆች አሉ። ስለዚህ የሰውን ማንነት ተዉትና የሚሆነውን ነገር እዩ። ማን ይናገራል? ማን ገንዘቡን ይይዛል? ማን ስልኩን ይይዛል? መታወቂያው በማን እጅ ነው? መልሱ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ከወደቀ ያን ጊዜ ነገሩ ከባድ ነው።

ካያችሁስ ምን ታደርጋላችሁ? ሰውየውን አትጋፈጡት። ንዴቱን የሚወጣው እሷ ላይ ነው፤ እናንተ በማታዩበት ቦታ። ቪዲዮ ቀርጻችሁ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትልቀቁ። ፊቷ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ወደ ቤታችሁም ይዛችኋት አትሂዱ፤ ለእናንተም ለእሷም አደጋ ነው። ይልቅ ጻፉ። ሰዓቱን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የለበሱትን፣ ያሉትን ቃል በቃል። ከዚያ ባላችሁበት አገር ለዚህ ጉዳይ የተመደበውን የስልክ መስመር ወይም ፖሊስ አግኙ። ሕይወቷ ላይ አሁኑኑ አደጋ ካለ ለድንገተኛ አደጋ ቁጥር ደውሉ። እርግጠኛ እስክትሆኑ አትጠብቁ። ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ አይደለም።

ብቻዋን ካገኛችኋት ደግሞ "ደህና ነሽ?" አትበሏት። መልሱን ታውቁታላችሁ። "ደህና ነኝ" ነው። እኛ ሁላችንም ብንታመምም ብንራብም ደህና ነን ነው የምንለው። የሚመለስ ጥያቄ ጠይቋት። "መታወቂያሽ አንቺ ጋ ነው?" "አሁን ከዚህ ልሂድ ብትይ ትችያለሽ?" "የምትተኚበትን ቤት ቁልፍ ማን ነው የሚይዘው?" እኔ ያን ዕለት አንዱን እንኳ ብጠይቃት ኖሮ። እምቢ ካለቻችሁ ወይም ከተቆጣች አትጫኗት። ቁጥሩን የት እንደምታገኘው ብቻ ንገሯት። የማትፈጽሙትን ነገርም ቃል አትግቡላት። ቃል ተገብቶላት ነው እዚህ የደረሰችው።

ፖሊሶችና መርማሪዎችም ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነጋዴው "ብትያዢ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ" ይላታል። ስንት ቦታ ይህ ንግግሩ እውነት ሆኖ ተገኝቷል! የሐሰት ሰነድ ይዘሻል፣ ሴተኛ አዳሪ ነሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለሽም ተብላ የታሰረችው እሷ ናት። በ2005 የወጣው፣ በሰው መነገድን የሚመለከተው የአውሮፓ ምክር ቤት ስምምነት የተቀበሉት አገሮች ተጎጂዎች ተገድደው ለፈጸሙት ሕገወጥ ድርጊት እንዳይቀጡ የሚያስችል መንገድ እንዲያበጁ ይጠይቃል። የምትረጋጋበትና የምታስብበት ቢያንስ 30 ቀን እንዲሰጣትም ይላል። 30 ቀን ብዙ ይመስል ይሆናል። ዓመታት ሙሉ እየተመታች እንዳትናገር የተማረች ሰው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ምስክርነት አትሰጥም። ቃሏ ቢለዋወጥ ውሸታም ናት ማለት አይደለም።

ፖስተር ለምታሠሩ፣ ዘገባ ለምትሠሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ሰንሰለቱን ተዉት። ሰንሰለቱ እንደ እኔ ያለውን ሰው አሳውሯል። ተጎጂዋንም ያሳውራል። "እኔ እኮ አልታሰርኩም፣ ስለዚህ ይህ እኔን አይመለከትም" ትላለች። አንድ ሰው ሁለት መታወቂያ ሲይዝ አሳዩ። የእዳ ደብተሩን አሳዩ። ስልክ ላይ የመጣ ደግ መልእክት አሳዩ። በየዓመቱ ጁላይ 30 በሰው መነገድን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን ነው፤ የዘመቻው ምልክት የሆነው ሰማያዊ ልብ ይለጠፋል፣ በማግስቱ ይነሳል። ሰውዬው የመጣው ግን በሌላ ቀን ሌሊት ነው።

ታሪኩን መንገርም የባለታሪኳ ምርጫ ይሁን። ናዲያ ሙራድ በ2014 ኢራቅ ውስጥ በአይሲስ ተይዛ የደረሰባትን በራሷ ስምና በራሷ ፊት ለዓለም ተናገረች፤ በ2018 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከሌላ ተሸላሚ ጋር ተካፈለች። ድፍረቷ የራሷ ነው። ሌላዋ ዝም ማለትን ብትመርጥ ያም መብቷ ነው። ካሜራ ፊት አስቀምጠን እንድታለቅስ ማድረግ ግን ሌላ ሰው በገላዋ እንዲጠቀም ማድረግ ነው።

ተራ ሰው ምን ይፈይዳል ለምትሉኝ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል በ2017 አንድ ሥራ ጀመረ። በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ሲፈጸም ከተነሱ ምስሎች ውስጥ ልጆቹን አውጥቶ ከጀርባ ያለውን ዕቃ ብቻ ለሕዝብ ያሳያል። የጠርሙስ ጽሑፍ፣ ቦርሳ፣ ልብስ፣ የግድግዳ ወረቀት። "ይህን የት ያውቁታል?" ብሎ ይጠይቃል። አንድ ባለሱቅ ወይም አንድ የቤት እመቤት ዕቃውን ካወቀችው ፍለጋው ከመላው ዓለም ወደ አንድ አገር፣ ወደ አንድ ከተማ ይጠብባል። መርማሪ ያላወቀውን መጋረጃ የሸጠው ሰው ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ ወደ እኔ ሳታዩ ወደ ደረጃው ለሄዳችሁት። እናንተንም አስታውሳለሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2024 ባወጣው ጥናት የግዳጅ ሥራ በዓመት 236 ቢሊዮን ዶላር ሕገወጥ ትርፍ ያስገኛል። ከዚህ ውስጥ 73 በመቶው የሚመጣው ከግዳጅ የወሲብ ንግድ ነው። ይህ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። ከኪስ ነው የወጣው። ስዊድን ከ1999 ጀምሮ የምትቀጣው የሚገዛውን እንጂ የምትሸጠውን አይደለም፤ ኖርዌይና አይስላንድ በ2009፣ ፈረንሳይ በ2016 ተከትለዋል። ሕጉ ሴቶቹን ወደ ባሰ ድብቅ ቦታ ይገፋል ብለው የሚቃወሙ አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። እኔ የምላችሁ ግን ሕግ ሳይጠራ የሚገባችሁን ነው። እናንተ ክፍሉ ውስጥ ነበራችሁ። ፊቷን አይታችኋል። ፌስታሏን አይታችኋል። ልጅ መሆኗን አይታችኋል። ስም ሳትጠቅሱም መደወል ትችሉ ነበር። ዛሬም ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ለአለቆች። "እኛ ፖሊስ አይደለንም" የሚለው እውነት ነው። ማንም ፖሊስ ሁኑ አላላችሁም። የመስተንግዶው ዘርፍ ራሱ ይህን ካወቀ ቆይቷል። ልጆችን በጉዞና በቱሪዝም ውስጥ ከሚፈጸም ወሲባዊ ብዝበዛ ለመጠበቅ ኤክፓት የተባለው የልጆች መብት ድርጅት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአስጎብኚ ድርጅቶች ጋር የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል፤ ሠራተኛን ማሠልጠን አንዱ ግዴታ ነው። ለክፍል አጽጂዋም ለጥበቃውም አንድ ከሰዓት በኋላ ስጧቸው። ጥርጣሬ ይዛ የምትመጣ ሠራተኛ ለማን እንደምትናገር ይታወቅ፤ ተሳስታ ብትገኝ እንጀራዋ አይነካባት። ለእርዳታ የሚደወልበትን ስልክ ቁጥር መግቢያው ላይ አትለጥፉት፤ እሱ አብሯት ያነበዋል። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ፣ በውስጥ በኩል ለጥፉት። እዚያ አይከተላትም። በትንሽ ወረቀት፣ በሚገነጠል ቁራጭ፣ ጫማ ውስጥ በሚገባ መጠን።

መዝገባችሁንም ቀይሩ። እያንዳንዱ እንግዳ ስሙን በራሱ እጅ ይጻፍ፤ በራሱ መስመር ላይ ይፈርም። ስትጨርሱ መታወቂያውን ለባለቤቱ፣ በእጁ መልሱለት። ሰውየው እጁን ቢዘረጋም "ደንባችን ነው" በሉትና ለእሷ ስጧት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ እንግዳ ተቀባይ